ኤክስቴንሽኑ ተጭኗል ወይስ አልተጫነም? ገጻችሁ እንዲያውቅ ማድረጊያ መንገዶች

አንዲት ትንሽ ዩዘር ስክሪፕት ጽፌ ነበር፤ እንደ ታምፐርመንኪ ባለ ማናጀር በኩል ተጭና ድረ ገጽ ላይ የምትሮጥ ኮድ ማለት ነው። ሥራዋ ቀላል ነው። ድረ ገጽ ላይ የፈረንጅ ቀን ስታገኝ ወደ ኢትዮጵያ አቆጣጠር ትቀይረዋለች። ጓደኞቼ ወደዷት። ቆየት ብዬ፣ ስክሪፕት መጫን ለማይሆንላቸው ብዬ፣ ያንኑ ሥራ የሚሠራ ኤክስቴንሽን፣ ማለትም ብራውዘሩ ላይ የሚጨመር መሣሪያ፣ ሠራሁ። ከዚያ አንዱ ስክሪንሾት ላከልኝ። ገጹ ላይ 11/9/2025 የነበረው ቀን 23/4/2010 ሆኖ ቁጭ ብሏል። ይሄ ምን ጉድ ነው? መስከረም 1 ቀን 2018 መሆን ነበረበት እኮ!

ትንሽ ካሰብኩ በኋላ ገባኝ። ልጁ ሁለቱንም ጭኗል። አንደኛው 11/9/2025ን ወደ 1/1/2018 ቀየረ። ሁለተኛው ተከትሎ መጣና 1/1/2018ን የፈረንጅ ጃንዋሪ 1 አድርጎ አነበበው። እሱን ደግሞ ወደ ታኅሣሥ 23 ቀን 2010 ቀየረው። በሒሳቡ ሁለቱም ልክ ናቸው፤ አንዱ የሌላውን መኖር አለማወቁ ነው ችግሩ።

በዚያው ሰሞን አንዲት ልጅ «አይሠራም» ብላ ጻፈችልኝ። ስጠይቃት ለካ ጭራሽ አልጫነችውም። የማስተዋወቂያ ገጼን ከፍታ፣ አንብባ፣ በቃ ተጭኗል ብላ ነው።

ሁለቱንም ችግር የሚፈታው አንድ ነገር ነው፤ መሣሪያው ብራውዘሩ ላይ መኖሩን ማወቅ። እንዴት እንደሚደረግ በቅደም ተከተል ልንገራችሁ። ኮዱን እዚህ አልለጥፍም። መስመሮቹ ጥቂት ናቸው፤ ጃቫስክሪፕት የነካካ ሰው ሐሳቡ ከገባው ራሱ ይጽፋቸዋል።

ከመጀመራችሁ በፊት

ገጻችሁ ብራውዘሩን «ምን ምን ተጭኖብሃል?» ብሎ መጠየቅ አይችልም። እንዲህ ያለ ትእዛዝ የለም፤ የሌለውም ሆን ተብሎ ነው። ሰው የጫናቸው ኤክስቴንሽኖች ስለ ሰውየው ብዙ ያወራሉ። ምን እንደሚሠራ፣ የት እንደሚገበያይ፣ ዓይኑ ይቸገር እንደሆነ ሳይቀር ይናገራሉ።

ስለዚህ የቀረው መንገድ መሣሪያው ራሱ «አለሁ» እንዲል ማድረግ ነው። ሰው ቤት ስንሄድ ደጅ ላይ ቆመን «ቤቶች!» እንላለን አይደል? «አቤት» ያለ ካለ ሰው አለ። ዝም ካለን ግን ቤቱ ባዶ ነው ማለት አይደለም። ተኝተው ይሆናል፤ ጓሮ ይሆናሉ። ይህችን ነገር ያዟት፣ ኋላ ታስፈልገናለች።

ደረጃ 1፦ ምልክት አኑሩ

ኤክስቴንሽን ገጽ ውስጥ የሚያስገባው ኮድ ኮንቴንት ስክሪፕት ይባላል። የሚሠራው ለብቻው በተከለለ ክፍል ውስጥ ነው። እሱ የፈጠረውን ቫሪያብል ገጹ አያየውም፤ ገጹ የፈጠረውንም እሱ አያየውም። ጀማሪ ሁሉ የሚደናቀፈው እዚህ ጋ ነው። ኮንቴንት ስክሪፕቱ ውስጥ ዊንዶው ላይ «ተጭኛለሁ» የሚል ቫሪያብል ያስቀምጣል። ከገጹ ሆኖ ሲፈልገው የለም። ግማሽ ቀኑ እዚያው ያልቃል። የኔም አልቋል።

ሁለቱ የሚጋሩት ዶም የሚባለውን፣ የገጹን የኤለመንቶች ዛፍ ነው። ስለዚህ ምልክቱን እዚያ ላይ አኑሩት። ከዛፉ አናት ባለው የኤችቲኤምኤል ኤለመንት ላይ፣ በዳታ የሚጀምር አንድ አትሪቢዩት ጨምሩ። ስሙ የናንተ ብቻ የሆነ ይሁን፤ «ኢንስቶልድ» ብቻ ብላችሁ ብትተዉት ነገ ከሌላ ሰው ምልክት ጋር ይጋጫል። ዋጋውን ደግሞ «አዎ» አታድርጉት፤ የቨርዥን ቁጥሩን ስጡት። በአንድ ምልክት ሁለት ጥያቄ ይመለሳል፦ አለ ወይ? ካለስ አሮጌ ነው አዲስ?

ይህ እኔ የፈጠርኩት ዘዴ አይደለም። ግራማርሊ የሚባለው የእንግሊዝኛ ጽሑፍ ማረሚያ የተጫነበት ብራውዘር ካላችሁ አንድ ገጽ ክፈቱና የቦዲ ኤለመንቱን ተመልከቱ። ግራማርሊ ያኖራቸው አትሪቢዩቶች ተሰልፈው ታገኛላችሁ።

ጊዜው ወሳኝ ነው። የኤክስቴንሽኑ መግለጫ በሆነው ማኒፌስት ፋይል ላይ ምንም ካላላችሁ ኮንቴንት ስክሪፕቱ የሚነሣው «ዶኪዩመንት አይድል» ላይ ነው፤ ገጹ ተጭኖ ሊያልቅ ሲል ወይም እንዳለቀ። የገጻችሁ ኮድ ከዚያ በፊት ሮጦ፣ ምልክቱን ፈልጎ፣ «የለም» ብሎ ደምድሞ ሊሆን ይችላል። ስለዚህ ማኒፌስቱ ላይ «ዶኪዩመንት ስታርት» በሉት። ዩዘር ስክሪፕት ከሆነ ደግሞ አናቱ ላይ ካሉት የማብራሪያ መስመሮች «ረን-አት» የሚለው ላይ ያንኑ ጻፉ።

በሪአክት የተሠራና መጀመሪያ ሰርቨር ላይ የሚዘጋጅ ገጽ ካላችሁ፣ ይህ ምልክት የሀይድሬሽን ማስጠንቀቂያ ኮንሶሉ ላይ ሊያስወጣ ይችላል። ሰርቨሩ የላከው ኤችቲኤምኤልና ብራውዘሩ ላይ ያለው ስለማይመሳሰሉ ነው። አትደንግጡ። ለዚያች ኤለመንት ብቻ ማስጠንቀቂያውን ዝም የሚያሰኝ ፕሮፕ ሪአክት ውስጥ አለ።

ደረጃ 2፦ ተጣሩ፣ እሱም ይጣራ

ምልክቱ ብቻውን ለብዙ ሥራ ይበቃል። ግን የጊዜ ሽሚያው ሙሉ በሙሉ አይጠፋም። በተለይ የዩዘር ስክሪፕት ማናጀሮች «ዶኪዩመንት ስታርት» ብላችሁም አንዳንዴ ትንሽ ይዘገያሉ። ስለዚህ ንግግር ጨምሩበት።

አሠራሩ እንዲህ ነው። ገጹ እንደተከፈተ፣ ኮዶች መልእክት በሚለዋወጡበት ፖስት-ሜሴጅ በሚባል ትእዛዝ «አለህ ወይ?» የሚል መልእክት ይልካል። ኮንቴንት ስክሪፕቱ ይህን ሲሰማ «አለሁ፣ ቨርዥኔ ይህ ነው» ይላል። እዚህ ላይ ብታቆሙ አሁንም ቀዳዳ አለ፤ ገጹ ሲጠይቅ ስክሪፕቱ ገና ካልተነሣ ጥያቄው ባዶ ሜዳ ላይ ይቀራል። መፍትሔው ስክሪፕቱም እንደተነሣ፣ ማንም ሳይጠይቀው፣ «አለሁ» እንዲል ማድረግ ነው። ማንም ቀድሞ ይነሣ፣ ማንም ይዘግይ፣ ከሁለቱ ጥሪ አንዱ ይሰማል።

የክሪፕቶ ዋሌት፣ ማለትም የዲጂታል ገንዘብ ቦርሳ ኤክስቴንሽን፣ የሚሠሩ ሰዎች ይህን የተማሩት ተቃጥለው ነው። ድሮ እያንዳንዱ ዋሌት ዊንዶው ላይ «ኢትሪየም» የሚል አንድ ስም ላይ ይቀመጥ ነበር። ገጹም እሱን አይቶ ከዋሌቶቹ አንዱ የሆነው ሜታማስክ ነው አይደለም ይል ነበር። ሁለት ዋሌት የጫነ ሰው ጋ ሁለቱ በአንድ ወንበር ይጋፋሉ። ይባስ ብሎ አንዳንድ ሌሎች ዋሌቶች ገጾች እንዲቀበሏቸው ሲሉ «እኔ ሜታማስክ ነኝ» የሚለውን ምልክት ያኖሩ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2023 ኢአይፒ 6963 የሚባል ስምምነት ወጣ። አሠራሩ ልክ ከላይ ያልኩት ነው፦ ገጹ በኢቨንት ይጠይቃል፣ እያንዳንዱ ዋሌት በኢቨንት ስሙንና መለያውን ይናገራል፣ ሲነሣም ሳይጠየቅ ይናገራል። ወንበር መጋፋት ቀረ።

መልእክት ስትቀበሉ ሦስት ነገር አጣሩ። የመጣው ከዚያው መስኮት ነው ወይ? ኦሪጅኑ፣ ማለትም የመጣበት ድረ ገጽ አድራሻ፣ የገጻችሁ ነው ወይ? የናንተን መለያ ቃል ይዟል ወይ? ፖስት-ሜሴጅ የጋራ አደባባይ ነው፤ ማስታወቂያውም፣ የቪዲዮ ማጫወቻውም፣ ሌላውም ኤክስቴንሽን እዚያው ይጮኻል። በመልእክቱ ውስጥ ምስጢር አትላኩ። ገጹ ላይ ያለ ማንኛውም ኮድ ሊሰማው ይችላል፤ አስመስሎ «አለሁ» ሊልም ይችላል። ስለዚህ ይህን ዘዴ ክፍያ ለመፍቀድ ወይም ፈተና ለመቆጣጠር እንዳትጠቀሙበት። «እባክዎ ይጫኑ» የሚል ሳጥን ለመደበቅና ለማሳየት ግን ግሩም ነው።

በፖስት-ሜሴጅ ፋንታ ከስተም ኢቨንት መጠቀምም ይቻላል። ፋየርፎክስ ላይ ግን ኮንቴንት ስክሪፕቱ በኢቨንቱ ውስጥ ኦብጀክት ከላከ ገጹ እንዳያነበው ይከለከላል። ተራ ጽሑፍ ላኩ፣ ትገላገላላችሁ።

ደረጃ 3፦ ምን ያህል ትጠብቃላችሁ?

ገጹ ተጭኖ ካለቀ በኋላ አንድ ሰከንድ ያህል ጠብቁ። ኔትወርኩ ቀርፋፋ የሆነበት ወይም ኮምፒውተሩ ያረጀበት ሰው ጋ ሁለት ሰከንድ ብታደርጉት አይጎዳም። እስከዚያ ድረስ ምንም አታሳዩ። የጫነ ሰው ገጹን በከፈተ ቁጥር «እባክዎ ይጫኑ» የሚል ሳጥን ብልጭ ብሎ ሲጠፋበት ይናደዳል፤ እውነቱን ነው።

ጊዜው ካለፈ በኋላም ጆሯችሁን አትድፈኑ። መልሱ ዘግይቶ ከመጣ ሳጥኑን አንሡት።

ደረጃ 4፦ ክሮም ላይ ያለ ቀጥታ መስመር

ኤክስቴንሽኑ የራሳችሁ ከሆነ ክሮምና እንደ ኤጅ ያሉ ዘመዶቹ አንድ የተሻለ መንገድ ይሰጧችኋል። ማኒፌስቱ ላይ «ኤክስተርናሊ ኮኔክተብል» የሚል ክፍል ጨምሩና የገጻችሁን አድራሻ ጻፉበት። ከዚያ በኋላ ገጻችሁ በኤክስቴንሽኑ አይዲ አማካይነት በቀጥታ ለጀርባው ኮድ መልእክት ይልካል። ኮንቴንት ስክሪፕት አያስፈልግም፤ የጊዜ ሽሚያም የለም። ኤክስቴንሽኑ ከሌለ ወዲያው ስህተት ይመለሳል።

አይዲው ርዝመቱ 32 ፊደል ነው፤ ከእንግሊዝኛው ፊደል የመጀመሪያዎቹን 16 ብቻ ይጠቀማል። ሁለት ወጥመድ አለበት። አንደኛ፣ ገና በሥራ ላይ ሆናችሁ ከፎልደር ስትጭኑት አይዲው ከፎልደሩ አድራሻ ነው የሚወጣው። ስቶር ላይ ሲወጣ ሌላ ይሆናል። እናንተ ጋ ሠርቶ ሰው ጋ የማይሠራው በዚህ ነው። ማኒፌስቱ ላይ «ኪይ» የሚለውን ካስገባችሁ ሁለቱም ጋ አንድ ይሆናል። ሁለተኛ፣ የክሮም ስቶርና የኤጅ ስቶር ለአንዱ ኤክስቴንሽን የተለያየ አይዲ ይሰጣሉ። ስለዚህ ገጹ ሁለቱንም ይሞክር።

ከመላካችሁ በፊት ደግሞ የክሮም ረንታይም የሚባለው ኦብጀክት መኖሩን አረጋግጡ። ገጹን ሊያናግር የሚችል ኤክስቴንሽን ከሌለ እሱ ራሱ ላይኖር ይችላልና ኮዳችሁ እዚያው ይወድቃል። ፋየርፎክስ ይህን መስመር ለድረ ገጾች አይከፍትም። እዚያ ወደ ደረጃ 2 ተመለሱ።

ዩዘር ስክሪፕት ሲሆን

እንደ ታምፐርመንኪና ቫዮለንትመንኪ ባሉ ማናጀሮች ላይ ነገሩ ትንሽ ይለያል። ስክሪፕታችሁ አናት ላይ ያለው «ግራንት» የሚለው መስመር «ነን» ከሆነ ስክሪፕቱ በገጹ ክፍል ውስጥ ይሠራል፤ ዊንዶው ላይ ያስቀመጠውን ገጹ ያየዋል። ሌላ ፈቃድ ከጠየቃችሁ ግን ወደ ተከለለ ክፍል ይገባል። ያኔ ዊንዶው ላይ ያስቀመጣችሁት ለገጹ አይታይም፤ «አንሴፍ ዊንዶው» በሚባለው በኩል ካላሳለፋችሁት በቀር። ዶም ላይ የሚኖር ምልክት በሁለቱም ስለሚሠራ እኔ እሱን እመርጣለሁ።

በብዛት የሚረሳው ሌላ ነው። ስክሪፕቱ የሚነሣው «ማች» በሚለው መስመር በተዘረዘሩ ገጾች ላይ ብቻ ነው። የኔ ስክሪፕት የዜና ገጾችን ብቻ ነበር የምትዘረዝረው። የማስተዋወቂያ ገጼን አልጨመርኩም። ታዲያ እዚያ ገጽ ላይ ቀኑን ሙሉ «ቤቶች!» ብል ማን አቤት ይበለኝ? አንድ መስመር ጨመርኩ፣ አለቀ።

«የሰውየው ብራውዘር ላይ ታምፐርመንኪ ራሱ አለ ወይ?» ብላችሁ መጠየቅ ብትፈልጉ ለተራ ገጽ ቀጥታ መልስ የለም። ግሪሲ ፎርክ የሚባለው የዩዘር ስክሪፕት ማከፋፈያ ድረ ገጽ ላይ የስክሪፕት ገጽ ስትከፍቱ ቀድሞ እንደጫናችሁት የሚያውቀው፣ ማናጀሮቹ ለእንደሱ ዓይነት ገጾች ብቻ የከፈቱት በር ስላለ ነው። ለኔና ለናንተ ዝግ ነው።

ሁለቱም ከተጫኑ

ወደ 23/4/2010 እንመለስ። ኤክስቴንሽኑና ስክሪፕቱ አንድ ዓይነት ምልክት እንዲጠቀሙ አድርጉ። እያንዳንዱ ሲነሣ መጀመሪያ ምልክቱን ይይ። ከሌለ ያኑርና ሥራውን ይጀምር። ካለ ምንም ሳይነካ ይውጣ። ማየቱና ማኖሩ በመካከላቸው መጠበቅ ሳይኖር ተከታትለው ይሁኑ። ሁለቱ ኮዶች ገጹ ላይ በየተራ ስለሚሮጡ፣ አንዱ በሁለቱ መካከል ጣልቃ ሊገባ አይችልም።

ዝም ሲል ምን ማለት ነው?

እዚህ ላይ ነው ብዙ ገጾች የሚሳሳቱት። መልስ ያልመጣው መሣሪያው ስለሌለ ብቻ አይደለም።

ሰውየው አሁን ጭኖት ታቡን ሪፍሬሽ አላደረገ ይሆናል። ክሮም ኤክስቴንሽን ሲጫን ቀድመው በተከፈቱ ታቦች ላይ ኮንቴንት ስክሪፕት አያስገባም፤ ፋየርፎክስ ግን ያስገባል። ክሮም ላይ ኤክስቴንሽኑ ሲጫን በሚነሣው ኢቨንት ውስጥ በስክሪፕቲንግ ኤፒአይ ራሳችሁ ልታስገቡት ትችላላችሁ። ወይም ዝም ብላችሁ «ገጹን ሪፍሬሽ ያድርጉ» በሉ፤ እኔ እንደዚያ ነው ያደረግኩት።

ኢንኮግኒቶ መስኮት ይሆናል። ሰውየው በእጁ ካልፈቀደ ኤክስቴንሽኖች እዚያ አይሠሩም። ክሮም ላይ ደግሞ የአንድ ኤክስቴንሽን የገጽ ፈቃድ «ሲጫኑት ብቻ» ወደሚለው ሊቀየር ይችላል። ያኔ ተጭኗል፣ ግን ካልተነካ አይነሣም።

ታምፐርመንኪ ኖሮ ስክሪፕቶቹ አልተፈቀዱ ይሆናል። ከክሮም 138 ጀምሮ በኤክስቴንሽኑ ዝርዝር ገጽ ላይ «አላው ዩዘር ስክሪፕትስ» የሚል ማብሪያ አለ። ከዚያ በፊት ዴቨሎፐር ሞድን ማብራት ነበር የሚጠይቀው። ይህን ሳያበሩ «ጫንኩ እኮ» የሚሉ ብዙ ናቸው፤ እውነታቸውን ነው፣ ጭነዋል።

ወይም በስልክ ነው የገባው። ክሮም አንድሮይድ ስልክ ላይ ኤክስቴንሽን አይቀበልም። የፋየርፎክስ የአንድሮይድ ሥሪት ይቀበላል። በስልክ ክሮም ለመጣ ሰው «ጫን» ማለት ሰውየውን ማድከም ነው፤ ኮምፒውተር ላይ እንዲከፍተው ንገሩት።

ስለዚህ ሳጥኑ ላይ «አልተጫነም» ብላችሁ አትጻፉ። የኔ አሁን «መሣሪያው መልስ አልሰጠም» ይላል። ከሥሩ ሦስት አጭር መስመር አለ፦ ካልጫኑ እዚህ ይጫኑ፣ አሁን ከጫኑ ሪፍሬሽ ያድርጉ፣ ታምፐርመንኪ ከሆነ ማብሪያውን ይዩ።

ተቃራኒውም አለ። ክሮም ላይ ታቡ እንደተከፈተ ኤክስቴንሽኑን ብታጠፉት፣ ገጹ ውስጥ የገባው ኮንቴንት ስክሪፕት አብሮ አይጠፋም። ባለቤቱ ሞቶ ድምፁ ይቀራል፤ «አለህ ወይ?» ስትሉት «አለሁ» ይላል። ኤክስቴንሽኑ ራሱን ሲያድስም እንደዚያው ነው። ስለዚህ ስክሪፕቱ ከመመለሱ በፊት የራሱን የረንታይም አይዲ ይመልከት። አይዲው ባዶ ከሆነ ዝም ይበል።

የሌላ ሰው ኤክስቴንሽንስ?

ይቻላል፣ በከፊል። ክሮም ላይ አንድ ኤክስቴንሽን ለድረ ገጾች ክፍት ያደረገው ፋይል ካለ፣ ለምሳሌ አንድ አይኮን፣ ገጻችሁ በአይዲው ሊጠራው ይሞክራል። ከመጣ ኤክስቴንሽኑ አለ። አዲሱ የኤክስቴንሽን ደንብ፣ ማኒፌስት ቨርዥን 3፣ ይህን ጠበብ አድርጎታል፤ ባለቤቱ ፋይሉን ለተወሰኑ ገጾች ብቻ መክፈት ይችላል። ፋየርፎክስ ደግሞ ለእያንዳንዱ ጭነት በዕጣ የሚወጣ የተለየ አድራሻ ስለሚሰጥ አስቀድማችሁ ልታውቁት አትችሉም። ማስታወቂያ ማገጃዎችን ለመለየት የቆየ ዘዴም አለ፦ የማስታወቂያ የሚመስል የክላስ ስም ያለው ባዶ ሳጥን ገጹ ላይ አኑሮ፣ ቁመቱ ዜሮ ሆኖ እንደሆነ ማየት።

እኔ ግን አልጠቀምበትም። ሰው ምን እንደጫነ ሳይነግሩት መበርበር፣ ሳይጋበዙ ገብቶ ቁም ሣጥን እንደ መክፈት ነው። የራሴን መሣሪያ ብቻ ነው የምጣራው።

በመጨረሻ ሞክሩት

አዲስ የክሮም ፕሮፋይል ክፈቱ፤ የለመዳችሁት ብራውዘር ላይ ብዙ ነገር ስላለ ያሳስታችኋል። መጀመሪያ ምንም ሳትጭኑ ገጹን ክፈቱ፤ ሳጥኑ መምጣት አለበት። ታቡን ሳትዘጉ ጫኑ፤ ሳጥኑ እንዳለ ይቆያል። ሪፍሬሽ አድርጉ፤ ይጠፋል። በኢንኮግኒቶ ክፈቱት፤ ይመለሳል። ኤክስቴንሽኑን አጥፉና፣ ገጹን ሳታድሱ፣ ከኮንሶሉ ጥያቄውን እንደገና ላኩ፤ መልስ መምጣት የለበትም።

ቀጥሎ ኤክስቴንሽኑን መልሳችሁ አብሩ፣ ስክሪፕቱንም ጨምሩ፣ 11/9/2025 የተጻፈበት ገጽ ክፈቱ። 1/1/2018 ካያችሁ ሥራው አልቋል። 23/4/2010 ካያችሁ ግን ከሁለቱ አንዱ ምልክቱን ሳያይ ገብቷልና «ረን-አት» የሚለውን መስመርና የምልክቱን ስም በሁለቱም ላይ አስተያዩ። እኔ ጋ አንዷ ፊደል ነበረች የተለየችው።